ጓሳ፦ ዋናው ሳይነካ ወለዱ የሚበላበት ሀብት

የመንዝ የእግር ጉዞና የድንኳን አዳር ገበያ ለማን ይሥራ?

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ኢትዮጵያ ቱሪዝም በተነገረ ቁጥር ይህ ተረት ትዝ የማይለው ነጋዴ ጥቂት ነው። ተራራው አለ፣ ገዳሙ አለ፣ በሌላው ዓለም የማይገኝ አውሬ አለ፤ ወተቱ ግን ሁልጊዜ «በቅርቡ» ነው። መንዝ ሄዶ የሞላሌን ገበያ ላየ ሰው ግን ላሟ በሰማይ አይደለችም። እዚያው ደጋው ላይ፣ በእግር ሊደረስባት የሚችል ቦታ ቆማለች፤ ባለቤቶቿም ለዘመናት ሲያልቧት ኖረዋል። ጥያቄው ሌላ ነው። ከእንግዲህ የሚያልባት ማን ነው? ለጥጃዋስ ይተርፋል?

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ላይ ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ያገኛታል። የገበያዋ ዕቃ ደጋው የሚሰጠው ነው፦ ገብስ፣ ባቄላ፣ የመንዝ በግ፣ የበግ ጠጉር፣ ከጠጉሩም የሚሠራው ባናና ዝተት። ነጋዴው እህሉንና በጉን ገዝቶ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። ከሞላሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲዘለቅ የሚገኘው ሌላው የመንዝ ሸቀጥ ግን በመኪና አይጫንም። ገዢው ራሱ መጥቶ እዚያው አይቶት፣ እዚያው ትቶት ይሄዳል።

ይህ ሸቀጥ ጓሳ ነው።

ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ

የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ የሚገኘው በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ በደጋው ምሥራቃዊ ጠርዝ ነው። ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው ከሚያበቅለው ሣር ነው። የመንዝ ገበሬ በጓሳ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ለዝናብ የሚለብሰውን ገሳ ይሠራል፤ በድርቅ ዘመን ደግሞ ከብቱን ያተርፍበታል። ከሜዳው የሚፈልቀው ውኃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ለጎብኚ የሚሸጠውም ይኸው ሜዳ ነው። አካባቢው የራሱ የሆነ አነስተኛ ሎጅ አለው፤ ዋናው አገልግሎት ግን ከመሪ ጋር የሚደረግ የእግር ጉዞና የድንኳን አዳር ነው። ጎብኚው ከሎጁ ይነሳል። ከፊት አገሩን የሚያውቅ የመንዝ ልጅ ይመራል፤ ጥበቃው ይከተላል፤ ድንኳንና ስንቅ የተጫኑት በቅሎዎች ከነባለቤቶቻቸው ከኋላ ይመጣሉ። ሌሊቱን ገደል ላይ ያሳለፉት ጭላዳዎች ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ሣር ሲነጩ ውለው ሲመሽ ወደ ገደላቸው ይመለሳሉ። ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያደባ ይታያል። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም የቀረው ከ500 በታች ነው፤ ያለውም በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ነው። ጓሳ ከእነዚህ ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ነው።

ከቀትር በኋላ ጉዞው ጠርዙ ላይ ሲደርስ ምድሩ በድንገት ያልቃል። ከእግር ሥር ገደል፣ ከገደሉ ማዶ የአፋር ቆላ ተዘርግቶ ይታያል። ድንኳኑ ከዚህ ጠርዝ ብዙም ሳይርቅ ይተከላል። ሌሊት ብርዱ ውኃ ያረጋል፤ ከከተማ የመጣው ሰው የመንዝ ሰው ስለ ምን ባና እንደሚደራርብ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ጉዞውን ማራዘም የፈለገ ደግሞ በዋሻው ውስጥ ሳይፈርስ የቆየ አስክሬን የሚገኝበትን አርባራ መድኃኔ ዓለምን የመሰለ ቅዱስ ስፍራ እዚያው መንዝ ውስጥ ያገኛል።

እስካሁን የተባለውን ማንኛውም የአስጎብኚ ድርጅት በራሪ ወረቀት ሊጽፈው ይችላል። ነጋዴውን የሚመለከተው በራሪ ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው ነው። ጓሳ እስከ ዛሬ ለምን ሳያልቅ ቆየ?

ሜዳው የተረፈበት ሕግ

ታሪኩ ወደ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይመለሳል። አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ሜዳውን ለግጦሽና ለሣር ለይተው እንዳስቀመጡት ይነገራል። ትውልዳቸው በአጽመ ርስት ይዞታ፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲያስተዳድረው ኖሯል። (ይህ ቄሮ በቅርቡ ዘመን በፖለቲካ ከሚታወቀው ቄሮ ጋር አይገናኝም።) የሥርዓቱ አለቃ አባ ቄራ ይባላል፤ የሚመረጠው በተጠቃሚው ሕዝብ ነው። ጓሳ ሲዘጋ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሊዘጋ ይችላል። በዚያ ጊዜ ሣር አይታጨድም፣ ከብት አይገባም። ሣሩ መድረሱ ሲታይ፣ በበጋው ድርቀት በየካቲት ወይም በመጋቢት ቀን ተቆርጦ ይታወጃል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብቶ ያጭዳል። ከዚያ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲጀምር፣ ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ከብቱ ይወጣና ሜዳው እንደገና ይዘጋል።

በገበያ ቋንቋ ሲተረጎም አባ ቄራ የያዘው ሥራ የባንክ ሥራ ነው። ዋናውን ገንዘብ ይጠብቃል፣ ወለዱን በጊዜው ያከፋፍላል፣ ዋናውን ሊነካ የመጣውን ይቀጣል። ለሁሉም አንድ ቀን የተቆረጠውም ለይምሰል አይደለም። ቀድሞ የገባ ቀድሞ የሚያጭድ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሣሩ ሳይደርስ ይሽቀዳደም ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እንዳይደርስ ቀኑ የጋራ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። እያንዳንዱ አርቢ አንድ ላም በጨመረ ቁጥር ጥቅሙ ለራሱ፣ ጉዳቱ ግን ለሁሉ ስለሚሆን ሜዳው እስኪያልቅ ማንም አያቆምም የሚል ነው ክርክሩ። መፍትሔውም ወይ ለግል መሸጥ፣ ወይ ለመንግሥት መስጠት ተብሎ ለብዙ ዓመት ተሰበከ። ይህን ያፈረሰችው እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ኤልኖር ኦስትረም ናት። ከስዊስ ተራሮችና ከጃፓን መንደሮች ምሳሌ እየጠቀሰች፣ ባለቤቱ የታወቀ፣ ሕጉ በተጠቃሚው የወጣ፣ ቅጣቱ ያልላላ የጋራ ሀብት ለዘመናት ሊቆይ እንደሚችል አሳየች። የመንዝ ሽማግሌ ይህን ለማወቅ ስቶክሆልም መሄድ አላስፈለገውም።

ተቃራኒውንም መንዝ አይታዋለች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት እንዲሆን ሲታወጅ አጽመ ርስቱ ቀረ፣ ከእሱም ጋር ቄሮ ፈረሰ። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣው ጥቅም አይካድም። ጓሳ ላይ ግን ባለቤትና ጠባቂ ተለያዩ፤ የሁሉም የተባለው ሜዳ የማንም ሆነና ግጦሹና ጭፍጨፋው በረታ። ሕዝቡ ኋላ በየቀበሌው ተወካይ መርጦ የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋመ፤ የመዝጋትና የመክፈት ሕጉም በአዲስ መልክ ተመለሰ። የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ የተባለው የጀርመን ድርጅት ድጋፍ ሰጠ፤ የክልሉም መንግሥት ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ በሕግ አወቀው።

እንግዲህ ጓሳ ላይ ገንዘብ ሊያፈስ የሚያስብ ሰው ሊያጤነው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። የሚገዛው መልክዓ ምድር አይደለም፤ ገደልና ጉም በየደጋው ሞልቷል። የሚገዛው የዚህ ሕግ ፍሬ ነው። ሕጉ ከላላ ሣሩ ያልቃል፣ ሣሩ ካለቀ አይጡ፣ አይጡ ካለቀ ቀበሮው፣ ቀበሮው ከጠፋ ደንበኛው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሎጁ ባዶ ሜዳ ላይ የቆመ ቤት ነው።

ድንኳን ለምን ይሻላል?

ከጓሳ ከሚገኘው ገቢ ሁሉ ሣሩ ሳይነካ በየዓመቱ ሊደጋገም የሚችለው የድንኳን አዳር ነው። የታጨደ ሣር ተመልሶ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። የታየ ቀበሮ ግን በማግሥቱ ለሌላ ጎብኚ ይታያል። ድንኳኑ ሲነሳ መሠረት አይተውም፤ ቦታውን እያፈራረቁ መትከል ይቻላል። ጎብኚው መሪ፣ ጥበቃ፣ በቅሎና ወጥ ሠሪ ስለሚፈልግ ለአንድ ሌሊት የሚከፍለው ገንዘብ በብዙ እጅ ይገባል።

ይህ ማለት ግን ጎብኚ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የተራራ ጎሪላ ማያ ፈቃዷን ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ስታደርስ ብዙዎች ገበያው ይሸሻል ብለው ነበር። የአገሪቱ ስሌት ግን ሌላ ነበር፤ ጥቂት ሰው፣ ከፍ ያለ ዋጋ፣ ከዚያም ለአካባቢው ሕዝብ የሚሰጠውን ድርሻ ከ5 ወደ 10 በመቶ ማሳደግ። ጓሳ ዋጋውን እንደ ሩዋንዳ ይስቀል የሚል የለም። ስሌቱ ግን ያው ነው። ዕቃው ጥቂት ሲሆን የሚያዋጣው ብዛት ሳይሆን ዋጋ ነው። አባ ቄራ ሜዳውን በዓመት ቆጥሮ ይዘጋ እንደነበር ሁሉ፣ ዛሬም በአንድ ሌሊት ስንት ድንኳን ጓሳ ላይ ይተከል የሚለውን መወሰን ያለበት ኮሚቴው እንጂ ጎብኚ አምጪው ድርጅት መሆን የለበትም።

ዶላሩ ሲወጣ የበቅሎው ኪራይ የት ደረሰ?

ገበያውን በቅርብ የሚከታተል ሰው አሁን አንድ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ ዕለት በፊት በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አስመጪው ሲያማርር ከርሟል። በአንፃሩ ጉዞን ለውጭ አገር ጎብኚ በዶላር የሚሸጥ ድርጅት በዚያው ዋጋ እጥፍ የሚጠጋ ብር የሚያገኝበት በር ተከፈተለት።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ድርጅት የአንድ ቀን ጉዞ በ200 ዶላር ይሸጣል እንበል። በቀድሞው ዋጋ ይህ 11,400 ብር ነበር። በ100 ብር ምንዛሪ 20,000 ብር ይሆናል። ለመሪው በቀን 1,000 ብር ይከፈለው ከነበረ ድርሻው 9 በመቶ ግድም ነበር። ክፍያው በብር እንደ ተቆረጠ ከቀረ ግን ማንም ሳይቀንስበት 5 በመቶ ይወርዳል። በቅሎ ያከራየው ገበሬም እንዲሁ። የመኪናው ነዳጅና መለዋወጫ ስለ ተወደደ ልዩነቱ ሁሉ ለድርጅቱ ትርፍ ሆነ ማለት አይቻልም። ሆኖም ጨው፣ ዘይትና ጨርቅ ለመንዝ ሰውም ተወድዷል። በዶላር በተሸጠ ዕቃ ላይ ጉልበቱን ያዋለ ሰው በብር ተቆርጦ ሲቀር የምንዛሪውን ሸክም ተሸክሞ ጥቅሙን አላየም።

ስለዚህ ውሉ በብር መጠን ሳይሆን በመቶኛ ይጻፍ። ለሜዳው መግቢያ፣ ለመሪ፣ ለጥበቃ፣ ለበቅሎ፣ ለድንኳን ቦታ ከሽያጩ ስንት በመቶ እንደሚደርስ በግልጽ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ጎብኚውም ያንብበው። ይህ ምጽዋት አይደለም። በዋጋ ላይ ሽሽግ የሌለበት ጉዞ ለውጭ ገበያ ራሱ ማስታወቂያ ነው። በአማራ ክልል መቄት ላይ ተስፋ በሚል ስም የተጀመረው በማኅበረሰብ የሚተዳደር የእግር ጉዞ በገደል ጠርዝ ላይ በገበሬው እጅ በተሠሩ ማረፊያዎች ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እያሻገረ ስም ያወጣው፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ጎብኚው ስለሚያውቅ ጭምር ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ስንቅ ነው። የድንኳን ጉዞ መኪና ከአዲስ አበባ ሲነሳ ሽንኩርቱን፣ እንቁላሉን፣ ዳቦውንና ብርድ ልብሱን ሳይቀር ጭኖ ከሆነ፣ ሞላሌንና መሐል ሜዳን የሚያልፋቸው አቧራ አልብሶ ብቻ ነው። በግ ከመንዝ አዲስ አበባ ተጭኖ፣ ሥጋው በበረዶ ተይዞ መንዝ ከተመለሰ ያ ንግድ ሳይሆን ቀልድ ነው። የሞላሌ ነጋዴ ግን ይህን በማማረር አይለውጠውም። አስጎብኚው ከአዲስ አበባ የሚጭነው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን፣ በተቆረጠ ቀን፣ በተቆረጠ መጠንና በታወቀ ጥራት የሚያቀርብለት ሰው ስላላገኘ ሊሆን ይችላል። የታጠበ ባና፣ የተለቀመ በሶና ቆሎ፣ ታርዶ የተዘጋጀ በግ፣ ጫማ የሚጠግን፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ፤ እነዚህን በውል የሚያቀርብ አንድ ደህና ነጋዴ ጓሳ ላይ አንዲት ጠጠር ሳያስቀምጥ ከጓሳ ሊኖር ይችላል።

በረሃው የሚያስተምረው

ከጓሳ ጠርዝ ቁልቁል የሚታየው የአፋር ምድር የራሱ የድንኳን ገበያ አለው። ኤርታ አሌን እና ዳሎልን ለማየት የሚሄደው ጎብኚ ከመሪና ከጥበቃ ጋር ወርዶ እሳተ ገሞራው አፋፍ ላይ ያድራል። ውኃውም ምግቡም ፍራሹም ከሌላ ቦታ ይጫናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኤርታ አሌ ላይ አምስት የአውሮፓ ጎብኚዎች ተገድለዋል። የድንኳን ገበያ ሀብቱ ጸጥታ እንደሆነ ያን ጊዜ ታየ። የሆቴል ጎብኚ በር ዘግቶ ያድራል፤ የድንኳን ጎብኚ ግን የሚያድረው ባካባቢው ሕዝብ እምነት ላይ ነው። ሕዝቡ በጎብኚው መምጣት የሚያገኘው ባነሰ ቁጥር ያ እምነት ይሳሳል።

ከዚህ የሚሰፋ ትምህርት የሚገኘው ከአውስትራሊያ በረሃ ነው። ኡሉሩ የሚባለው ግዙፍ ቀይ ዓለት ለአናንጉ ሕዝብ ቅዱስ ስፍራ ነው። ለብዙ ዓመታት ጎብኚ በላዩ ሲወጣበት፣ ሆቴሎችም ከሥሩ ሲሠሩ ቆዩ። ኋላ ሆቴሎቹ ጉዳት ማድረሳቸው ስለታየ ከዓለቱ ራቅ ብላ ዩላራ የምትባል የጎብኚ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 ተከፈተች። በማግሥቱ ዓመት መሬቱ ለባለቤቶቹ ተመለሰ፤ እነሱም መልሰው ለመንግሥት ፓርክ ለ99 ዓመት አከራዩት። ጥቅምት 26 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለቱ ላይ መውጣት ፈጽሞ ተከለከለ። ጎብኚው ዛሬ በዓለቱ ዙሪያ ከመሪ ጋር ይሄዳል፣ ታሪኩን ከባለቤቶቹ ይሰማል፣ በረሃው ውስጥ በድንኳን ያድራል።

የመንዝ ዋሻና ገዳምም እንዲሁ ነው። አርባራ የመሰለ ቦታ «በጥቅሉ ውስጥ ተካቷል» ተብሎ በዋጋ ዝርዝር ሊሰፍር አይገባውም። ካህናቱ ዛሬ አይገባም ካሉ አይገባም፤ መሪውም ይህን ከጉዞው በፊት መናገር አለበት። የማይሸጥ ነገር መኖሩ የሚሸጠውን ያስከብረዋል።

አገር ውስጥም ማነጻጸሪያ አለ። የስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ በፊት በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ እንዲሄድ ተደርጓል። ስሜን የአስጎብኚነት፣ የጥበቃና የበቅሎ ሥራን በተራ የማከፋፈል ጥሩ ልምድ አለው፤ መንዝ ሊቀዳው ይገባል። መንዝ ላይ ግን ጠባቂው ራሱ ባለቤቱ ስለሆነ ከሜዳው የሚነሳ ሕዝብ የለም። ይህ በገንዘብ ሲተመን ትልቅ ነገር ነው። ካሣ የለም፣ ክስ የለም፣ ቂም የለም።

ሆቴሉ የት ይሠራ?

የባለሀብቱ ክርክር መሰማት አለበት። «የድንኳን አዳር ጥሩ ነው፤ ግን ስንት ሰው ይቀጥራል? ሙቅ ውኃ የሌለበት ሎጅ ስንት ጎብኚ ይስባል? አንድ ደህና ሆቴል ቢሠራ ለመቶ ወጣት ሥራ ይፈጥራል» ይላል። ክርክሩ ውኃ ያነሳል። የመንዝ ወጣት ሥራ ይፈልጋል፤ የመሬቱ መጣበብም አይካድም።

መልሱ ግን ዩላራ ላይ አለ። ሆቴሉ ይሠራ፤ ጓሳ ላይ ግን አይሠራ። ሞላሌ አለች፣ መሐል ሜዳ አለች፣ ደብረ ብርሃን አለች። ጎብኚው ወደ ሜዳው ከመውጣቱ በፊት አንድ ሌሊት፣ ከወረደ በኋላ አንድ ሌሊት ሙቅ ውኃና ንጹሕ አልጋ ይፈልጋል። የሞላሌ ሆቴል ጎብኚ በሌለበት ወር ለነጋዴው፣ ለመንግሥት ሠራተኛውና ለሠርገኛው ይሠራል። ጓሳ ላይ የተሠራ ሆቴል ግን ጎብኚ ሲጠፋ ማገዶና ውኃ የሚፈልግ ባዶ ቤት ነው፤ ማገዶውም ከሜዳው ነው የሚመጣው።

የመሬት ደላላም ለዚህ ክርክር እንግዳ አይደለም። በሌላ ቦታ እንደታየው የጎብኚ ስም በተነሳ ማግሥት «ጠርዙ ላይ ጥሩ ቦታ አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። በጋራ የተያዘ ቦታ ላይ ግን የሚሸጥ ካርታ የለም። እንዲህ ያለውን ቦታ በግል ስም ይዣለሁ ብሎ ባለሀብት የሚያስገባ ደላላ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል፤ ገንዘቡን ያፈሰሰው ሰው ከስምንት ትውልድ በላይ ካስቆጠረ ሕግ ጋር ይፋጠጣል።

ጦርነቱና የጥሞናው ጊዜ

ይህ ሁሉ ሲባል መንገዱ ክፍት እንደሆነ ተቆጥሮ አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ሞላሌና መዘዞ የውጊያ ቀጠና ሆነው ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ደግሞ ጎብኚውን አራቀው፤ የውጭ መንግሥታትም ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይሄዱ መክረዋል። መሪነት ተምሮ ጎብኚ ሲጠብቅ የነበረው ወጣት ወደ ሌላ ሥራ አማትሯል። በቅሎው እህል ይጭናል።

ታዲያ ጎብኚ በሌለበት ስለ ጎብኚ ገበያ ማውራት ምን ይጠቅማል? የሚጠቅመው ለዚሁ ነው። ገበያው ሲከፈት ሁሉም ይቻኮላል፤ ውል የሚበላሸው በችኮላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን የመቶኛው ውል፣ የድንኳኑ ቁጥር፣ የሆቴሉ ቦታ፣ የስንቅ አቅራቢው ማንነት አሁን፣ ሜዳው ጸጥ ባለበት ጊዜ ይወሰን። ጓሳን የመዝጋት ጥበብም ይህ ነው፤ በዝግ ዓመት ሕጉ ይጠናል፣ በክፍት ቀን ይታጨዳል። ጎብኚ ያልመጣባቸው ዓመታት አንድ ነገር አሳይተዋል። የጓሳ ሀብት በሎጁ መዝገብ ላይ አልተመሠረተም። ሣሩን የሚጠብቀው ገበሬ ጎብኚ ባይመጣም የሚጠብቅበት ምክንያት አለው፤ ክዳኑና ገመዱ እዚያ ናቸው። ጎብኚ ለእሱ ተጨማሪ እንጂ ምትክ ሊሆን አይገባም። ሣሩን ትቶ ጎብኚን ብቻ የሚጠብቅ ማኅበረሰብ በመጀመሪያው መጥፎ ዓመት ሜዳውን ያርሰዋል።

ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ጭላዳዎችን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲከታተሉ ቆይተዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ካወጡት ግኝት አንዱ ለንግድ ሰው የተጻፈ ይመስላል። ቀይ ቀበሮ ለብቻው አይጥ ሲያድን የሚሳካለት ከአራት አንዴ፣ 25 በመቶ ነው። በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ ሲያድን ግን 67 በመቶ ይሳካለታል። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ ምክንያቱም በመንጋው መሐል እያለ ግልገሎቻቸውን ለመንካት አይሞክርም። አንዴ ቢነክስ የዕለቱን ሥጋ ያገኛል፤ መንጋው ግን ከዚያ በኋላ አያስጠጋውም።

ወደ መንዝ ገንዘብ ይዞ የሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ አማካሪ አያገኝም። መንጋው መሐል ይግባ፣ አይጡን ያድን፣ ግልገሉን አይንካ።